የባጃጅ ልጆችን ለማስመዝገብ ወልቂጤ ደርሼ የመጣሁበት ጉዞ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አስራ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሰባ አራት ዓመቴ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ስለዚህ ጽሑፌ እንደ ተማሪ ጽሑፍ አይደለም። ያየሁትን ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

ደሳለኝ እባላለሁ። ቡታጅራ ውስጥ አናጺው ጋሽ ደሳለኝ ብትሉ የማያውቀኝ የለም። መዶሻውን ካስቀመጥኩ ቆይቻለሁ፤ አፌን ግን አላስቀመጥኩም።

የጉዞዬ ምክንያት እንዲህ ነው። በሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ የምርጫ ነገር ተነሳ። ሽማግሌውና አሮጊቷ የመራጭነት ካርድ ወስደዋል። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው የባጃጅ ተራ ልጆች ግን አንዳቸውም አልተመዘገቡም። እኔ ብድግ አልኩና "እነሱን ለእኔ ተዉልኝ፤ አንድ ሳይቀር አስመዘግባለሁ!" አልኩ። ሰው አጨበጨበ። ከኋላ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ጭብጨባውን ወዲያው ረሳሁት፤ ሳቁ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ተራው ላይ እየቆምኩ ተቆጣኋቸው። "እሺ ጋሼ" ይላሉ። አንድም የሚሄድ የለም። ምዝገባው ሊዘጋ አምስት ቀን ሲቀረው ልጄ አስቴር ከወልቂጤ ደወለች። የልብስ ስፌት ሠራተኛ ናት። "አባዬ፣ የኛ ስፌት ቤት ልጆች እኮ ሁሉም ካርድ ወሰዱ" አለችኝ። "እንዴት አድርገሽ?" አላልኳትም። "ነገ እመጣለሁ፤ ባነር አሳትማለሁ" አልኳት። ባነር ቡታጅራም ይታተማል። እሷ ምን አድርጋ እንደተሳካላት ማየት ፈልጌ ነው፤ ይህን ግን ያኔ ለራሴም አልነገርኩትም።

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

ጸሎቴን አድርሼ ወጣሁ። ተራው ላይ መጀመሪያ የቆመው የሳቢር ባጃጅ ነበር። ሳቢር ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ፈገግታ የማይለየው፣ አባቱንም የማውቀው ልጅ። ወደ መናኸሪያ ይዞኝ ሲሄድ ጠየቅኩት።

"ካርድ ወሰድክ?"

"እሺ ጋሼ፣ እንወስዳለን።"

"እሺ በለኝ አላልኩህም። ወሰድክ ወይ ነው ያልኩህ።"

"ጋሼ፣ ተራው..." ብሎ ጀመረና ተወው።

"ተራው ምን?"

"ተዉት በቃ። እግርዎን ወደ ውስጥ ያስገቡ፣ ሌላ ባጃጅ እንዳይገጭብዎ።"

ስለዚህ የባጃጅ ተራ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያ ቦታ ላይ በየቀኑ ድብድብ ነበር። አንዱ ባጃጁን አቁሞ ይጠፋል፣ ሌላው ይቀድመዋል፣ ሲመለስ ይፋጃሉ። አንድ ቀን መስታወት ተሰብሮ የአንዱ ልጅ ግንባር ተተረተረ። ያኔ ሽማግሌዎች ተቀመጥን፤ ታላቁ እኔ ስለነበርኩ ፍርዱን የተናገርኩት እኔ ነኝ። "ተራው ሲደርስ ሹፌሩ የሌለበት ባጃጅ ወደ ሰልፉ ጭራ ይሄዳል። ምክንያት የለም። ለቅሶም ቢሆን!" ልጆቹ አንድ በአንድ ማሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥፊ እንኳ አልተሰማም። በዚህ እኮራ ነበር።

መናኸሪያ ስደርስ የወልቂጤው ሚኒባስ ሁለት ሰው ይቀረው ነበር። ሦስት መቶ ብር ከፈልኩ። ረዳቱ "ለሻንጣው ሃምሳ ይጨምሩ" ሲለኝ ሻንጣዬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። "አባባ፣ ያደክምዎታል" አለኝ። "ከሃምሳ ብር ይሻላል" አልኩት።

በመንገድ ላይ

ከአጠገቤ የተቀመጡት የማረቆዋ የቆሼ ከተማ ሰው ናቸው። በርበሬ ነጋዴ፣ ሐጂ ኑሪ ይባላሉ። ሦስት ጆንያ የማረቆ በርበሬ ጣሪያው ላይ አስጭነዋል። ሰላምታ ሰጡኝ፤ መለስኩ። ዕድሜዬን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

"እንግዲህ እኩያዬ ነህ። አንተ እልሃለሁ፣ አንተም አንተ በለኝ" አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል።

መኪናው ወደ ተራራው መውጣት ሲጀምር ቡታጅራ ከኋላችን ወረደች፤ የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ያበራል። ከፍ ስንል ብርድ መጣ። ጉም መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ሹፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ በየመጠምዘዣው ይሄዳል። ጉሙ ገለል ሲል እንሰቱ በየጓሮው ተሰልፎ፣ ገብሱ ገና ለጋ ሆኖ ታየን። በአንዱ ጉድጓድ መኪናው ሲነጥር ከጣሪያው የበርበሬ አቧራ በመስኮት ገባ። ሰው ሁሉ አስነጠሰ። ከኋላ አንዲት ሴት "ሐጂ፣ እኛንም ለገበያ ሊያዘጋጁን ነው እንዴ?" አለች፤ መኪናው በሳቅ ተሞላ።

ለቁርስ አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ ቆምን። ቆጮ በጎመንና በአይብ በላን፣ ለሁለታችን መቶ ሰማንያ ብር። ሐጂ ኑሪ "የእንግዳ ነገር ነው" ብለው ከፈሉ፤ ሁለታችንም እንግዳ መሆናችንን ብነግራቸው አልሰሙኝም። ከኔ የባሱ ግትር ናቸው።

እየበላን የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ባነሩ ላይ የሚጻፈውን የያዘውንም ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ሰሙኝና ጣታቸውን እየላሱ ጠየቁኝ።

"ልጆቹን ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?"

"ምኑን?"

"ምን እንደያዛቸው።"

"ስንፍና ነዋ!"

"እሱ ያንተ መልስ ነው። እኔ በርበሬ ለቃሚ ከሥራ ሲቀርብኝ መጀመሪያ ምን ያዘህ እለዋለሁ። ቁጣው ኋላም ይደርሳል።"

ነጋዴ ነው፣ ሠራተኛን ይለማመጣል ብዬ በልቤ ናቅኳቸው።

ከተራራው ማዶ ስንወርድ በየመንደሩ ጀፎረው ታየ። ጀፎረ ማለት በሰባት ቤት ጉራጌ አገር በቤቶቹ ፊት የሚዘረጋው ሰፊ የሣር አደባባይ ነው፤ መንገዱም፣ ለቅሶውም፣ ሠርጉም፣ የከብቱ መዋያም እሱ ነው። ሐጂ ኑሪ በመስኮት እያዩ "አንድ ሰው እንኳ አጥሩን ወደዚህ አልገፋም። ይገርማል" አሉ።

"ሽማግሌ ስለፈረደበት ነዋ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

"ሽማግሌማ ብዙ ነገር ይፈርዳል። ይሄ የቆየው ሁሉም ስለሚጠቀምበት ነው።"

ያንቀላፋሁ መስዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ወልቂጤ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት

ወልቂጤ ከቡታጅራ ይሞቃል። ካፖርቴን አውልቄ ክንዴ ላይ አደረግኩ። ከሐጂ ኑሪ ጋር መናኸሪያው በር ላይ ተለያየን፤ "ያልኩህን ጠይቃቸው" አሉኝና በርበሬያቸውን ተከትለው ሄዱ። የጅማ መኪናዎች በዋናው መንገድ ያልፋሉ፣ ባጃጁ በመሃል ይሽሎከለካል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደብተር ታቅፈው ይሻገራሉ።

አስቴር በምሳ ሰዓቷ ወጥታ ወደ ባነር አታሚው ወሰደችኝ። ኮፍያውን ዘቅዝቆ ያደረገ ቀጭን ልጅ ነው። ወረቀቴን ተቀበለና ጮክ ብሎ አነበበ።

"የባጃጅ ልጆች! ከጫት ተነሱ! ስንፍና ይብቃ! ካርድ ያልወሰደ ኋላ መንገዱ ተበላሸ ብሎ አፉን እንዳይከፍት!"

ቀና ብሎ አየኝ። "አባቴ፣ ይሄ የሚሰቀለው ልጆቹ እንዲመዘገቡ ነው ወይስ ከተማውን ለቀው እንዲጠፉ?"

አስቴር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"ምክር አልጠየቅኩህም፤ አትም" አልኩት።

"አትማለሁ። ሥራ አልጠላም። ፊደሉ በቀይ ይሁን በጥቁር?"

"በቀይ!"

"በቀይ ከሆነማ ሲሰቅሉት ሄልሜት ያድርጉ።"

ተናድጄ ወጣሁ። አስቴር ከኋላዬ ቀርታ አንድ ነገር አንሾካሾከችለት። ኋላ እንደነገረችኝ "እስክንመለስ እንዳትጀምረው" ነው ያለችው።

ከሰዓት በኋላ የምትሠራበት ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ወንበር ሰጡኝ። ስምንት የስፌት መኪና፣ ስምንት ሴት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። አሠራራቸው እንዲህ ነው፦ የተቆረጠው ጨርቅ በጥቅል በጥቅል ይመጣል፤ በተራ ይታደላል። የሚከፈላቸው በሰፉት ልክ ስለሆነ ተራ ያመለጣት ሥራ አመለጣት ማለት ነው።

አንዲቱ፣ ዘይነባ የምትባለው፣ ለሶላት ተነሳች። ከአንገቷ ላይ የልክ መውሰጃ ሜትሯን አወጣችና በጨርቅ ጥቅሏ ላይ ጋደም አድርጋ ወጣች። እሷ በሌለችበት አዲስ ጨርቅ መጣ። የዘይነባ ተራ ነበር። አጠገቧ ያለችው ልጅ ድርሻዋን ተቀብላ ሜትሯ ሥር አስቀመጠችላት፣ ወደ ራሷ ሥራም ተመለሰች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት አስቴርን።

"ሜትር ካለበት ሰው አለበት ማለት ነው። ለካርዱ ብለን ነው የጀመርነው፤ ያው ሳንተወው ቀረን።"

"ቅስቀሳሽ ታዲያ የታለ?"

"ይሄው ነው።"

"ንግግር የለም?"

"መጀመሪያ ንግግር አድርጌ ነበር። ሁሉም 'እሺ' አሉኝ።"

እሺ የሚለውን ስትል ጆሮዬ ቆመ።

"ከዚያ ምን ያዛችሁ ብዬ ጠየቅኳቸው" አለች ክር እየበጠሰች። "ካርድ ለመውሰድ ሰልፉ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ስንመለስ ጨርቁ አልቋል አሉ። ያንተ ባጃጆችስ? ምን ይዟቸው ነው?"

"ስን..." ልል ጀመርኩና የሐጂ ኑሪ ፊት መጣብኝ። "አልጠየቅኳቸውም" አልኩ።

"አንዱ ለካርድ ቢሄድ ባጃጁ ምን ይሆናል?"

"ተራው ሲደርስ ከሌለ ጭራ ይሄዳል።"

"ጭራ ከሄደ እንደገና እስኪደርሰውስ?"

"ግማሽ ቀን ያልቅበታል።"

"ማነው እንደዚህ ያለው?"

የስፌቱ መኪና ይንጫጫል። ሳቢር ጠዋት "ተራው..." ብሎ የዋጠው ነገር አሁን ገባኝ።

"እኔ ነኝ ያልኩት" አልኩ።

አስቴር አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። "አባዬ" አለች ዝቅ ብላ፣ "ታዲያ ላንተ ማን ደፍሮ ይንገርህ?"

"ፍርድ ፍርድ ነው!" ብዬ ወጣሁ። ጎረቤት ካለው የእህል ወፍጮ ጥላ ሥር ቆምኩ። ዱቄቱ ጫማዬን እስኪያነጣው ድረስ ቆሜያለሁ። ሳምንት ሙሉ ልጆቹን ሰነፍ ስል፣ እነሱ "እሺ ጋሼ" ሲሉ፣ እኔን አክብረው የራሴን ስህተት ሲሸፍኑልኝ ነበር ለካ። ሸምግዬ የፈረድኩትን አንስቼ አላውቅም። ተሳስቻለሁ ያልኩበት ቀንም ካለ ሚስቴ ነፍሷን ይማርና እሷ ብቻ ናት የምታስታውሰው። ካላነሳሁት ግን ልጆቹ አይመዘገቡም፣ አራት ቀን ነው የቀረው።

ተመልሼ ገባሁ። "ያ አታሚ ጀመረ?"

"አልጀመረም።"

"ይተወው። ሌላ ነገር እናሳትማለን።"

ያን ቀን አባትና ልጅ ሆነን ቅስቀሳውን ሠራነው። ሦስት ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ፣ በላስቲክ የተለበጠ አነስ ያለ ወረቀት፤ ባጃጁ መስታወት ላይ የሚቀመጥ። "ተራዬ ተይዟል፤ ካርድ ልወስድ ሄጃለሁ" ይላል። አታሚው ሲያነበው ኮፍያውን አቃና። "አባቴ፣ ይሄ በቀይ ያምራል" አለኝና አምስት አተመልኝ። ሁለተኛው፣ ተራውን የሚይዝ ሰው። ሥራ የሌለው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈለግንም። ሦስተኛው፣ በስልክ የሚላክ የኔ ድምፅ ነው፤ ልጆቹ በቴሌግራም ቡድን አላቸው።

ድምፁ አስቸገረ። መጀመሪያ ስቀዳ ተቆጣሁ። "አባዬ፣ እንደገና" አለች። ሁለተኛውንም ተቆጣሁ። ዘይነባ ከመኪናዋ ላይ "አባባ፣ ስልኩ ምን አደረገዎት?" ብላ አሳቀቻቸው። በሦስተኛው እንዲህ ወጣ፦ "እኔ ጋሽ ደሳለኝ ነኝ። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተራው ላይ እገኛለሁ። መታወቂያችሁን ያዙ። ማንን እንደምትመርጡ እኔን አይመለከተኝም። ተራችሁን ግን እኔ እይዛለሁ።" አስቴር አዳመጠችውና ላከችው።

ረቡዕ፣ ወደ ቤት

ስመለስ ተራራው ላይ ጉም አልነበረም። ሻንጣዬን እንደገና ጭኔ ላይ አስቀምጬ አምስቱን ወረቀት ደረቴ ላይ ያዝኩ። ጀፎረው ላይ አንድ ከብት፣ አንድ ለቅሶ ቤት፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አየሁ፤ ሁሉም በአንድ ሣር ላይ። የሐጂ ኑሪን ነገር አሰብኩ። እኔ የፈረድኩት ድብድብን ለማቆም ነበር፣ ድብድቡም ቆሟል። ግን ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ "ፍርዱ እንዴት ሆነላችሁ?" አላልኩም። አናጺ ሆኜ የሠራሁትን በር እንኳ ዓመት ቆይቼ ይገጥም እንደሆነ አያለሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይሄ ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሰባ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ቡታጅራ አመሻሽ ላይ ገባሁ። ባጃጅ ተራው ላይ ስወርድ ልጆቹ ድምፄን ከስልክ ከፍተው ይጠብቁኛል። አንዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ "እኔ ጋሽ ደሳለኝ ነኝ!" ይላል በኔ ድምፅ። ሌላው "አቦ፣ ጋሼ ቴሌግራም ገባ! አለቀልን!" ይላል። እኔም ሳቅኩ።

ያልሳቀው ተራ አስከባሪው ሙዲን ነው። ሙዲን ረጋ ያለ ሰው ነው፤ የነሱን ስም በደብተር የሚይዘው እሱ ነው። ወደ ጎን ወሰደኝ።

"ጋሼ፣ ልጆቹ በእርስዎ ፊት ምለዋል። በስልክ የሚነሳ መሐላ የለም።"

"ልክ ነህ። ነገ ቆሜ አነሳዋለሁ።"

"አንድ ነገር ደግሞ ይወቁ። ሳቢር አጎቱ የሞቱ ቀን ለቀብር ሲሄድ ጭራ ገብቷል። ከቀብር ሲመለስ እስኪመሽ ተሰለፈ። ለጋሼ እንዳትነግሩ አለን።"



ሐሙስ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ሁሉም ነበሩ። ባጃጆቹ ተሰልፈዋል። ያኔ በፈረድኩበት ቦታ ላይ ቆምኩና ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

"እዚህ ቦታ ላይ ለቅሶም ቢሆን ብያለሁ። ተሳስቻለሁ። ሰው ለለቅሶ ሲሄድ፣ ለሕክምና ሲሄድ፣ ካርድ ሊወስድ ሲሄድ ተራው ይጠበቅለታል። ሳይናገር ጠፍቶ የሚሄድ ግን አሁንም ጭራ ነው፤ እሱን አላነሳሁም። መሐላችሁን ከዛሬ ጀምሮ አንስቼላችኋለሁ። ሳቢር፣ አንተን ደግሞ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።"

ሳቢር መሪውን እያየ "ኧረ ጋሼ፣ ተዉት" አለ። ከዚያ ኪሱን ዳበሰና መታወቂያውን አወጣ። "ተራዬን ያዙልኛ" ብሎ ወረደ።

ቀዩን ወረቀት መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩና በሹፌሩ ወንበር ተቀመጥኩ። ሳቢር ስድስተኛ ነበር። ፊተኛው ሲወጣ ልጆቹ ከኋላ ገፉኝ። "ጋሼ፣ ፍሬን እንዳይረግጡ!" "ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ አለዎት?" ሙዲን ደብተሩን ይዞ ከጎኔ ይራመዳል። አምስተኛ ሆንኩ፣ አራተኛ፣ ሦስተኛ። የሳቢር ወንበር ላይ እንዳለሁ መንገዱን አያለሁ፤ አይመጣም። አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ ኋላ ገባችና "ወደ ገበያ" አለች።

"እኔ ሹፌር አይደለሁም፣ ተራ ያዥ ነኝ። ሹፌሩ ካርድ ሊወስድ ሄዷል። ፊት ያለውን ያዢ።"

"እስኪ ተራ ያዥ ደግሞ!" ብላ እየሳቀች ወረደች።

ሁለተኛ ስሆን ሳቢር በሩጫ መጣ። ካርዱን ከፍ አድርጎ ያውለበልባል። ልጆቹ ጮኹ፤ አንዱ ጡሩምባ ነፋ፣ ከዚያ ሁሉም ነፉ። ከመቀመጫው ወርጄ ለሳቢር ለቀቅኩለት። ቀዩን ወረቀት ከመስታወቱ ላይ አነሳሁ፣ በካፖርቴ እጅጌ ጠረግኩት፣ ወደ ኋለኛው ባጃጅ ሄጄ ተቀመጥኩ።